ማርካውን ሳይሆን ጆሮህን ጠይቅ

የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቁይ ነው። ጠያቂያችን ስሙ እንዲጠቀስ አልፈለገም። ተማሪ ነው፤ ከገጠር ስንቅ እየተላከለት ከሦስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ታላቅ ወንድሙ ጤፍ ሸጦ ከሰጠው ብር ላይ ቆጥቦ ጥሩ የሙዚቃ ማዳመጫ መግዛት አምሮታል። እስካሁን ሦስት ርካሽ ኢርፎን ገዝቶ ሦስቱም ወር ሳይሞላቸው አንድ ጎናቸው ጠፍቶበታል። የትኛው ማርካ ይሻለኛል ነው የሚለው። ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ደግሞ ማታ ሲተኛ ጆሮው ጭው እንደሚልበት በአንዲት መስመር ጣል አድርጓል።

ወንድሜ፣ እኔ ከዚችው መስመር ልነሳ። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ እንደ ጥፍር ተመልሰው አያድጉም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው እንዲህ ነው፤ ድምፁ 80 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል፤ 90 ከደረሰ ግን 4 ሰዓት ብቻ! ስልክህ ዴሲቤሉን ላያሳይህ ይችላል፤ ስለዚህ ድምፁን ከመቶ 60 በላይ አትክፈተው። ጭውታው ካልተወህ ደግሞ ብሩን መጀመሪያ ለጆሮ ሐኪም አውለው። ሄድፎኑ የትም አይሄድም።

ታዲያ ለምን ከፍ ታደርገዋለህ? ጓደኞችህ ያወራሉ፣ ጎረቤት ቴፑን ይለቃል፣ ኢርፎኑ ደግሞ ጆሮህ ላይ በወጉ አይገጥምም። ጆሮ ላይ ጣል የሚደረገው ደረቅ ፕላስቲክ የውጪውን ጫጫታ ያስገባል፣ ቤዙን ያፈሳል፤ አንተ ደግሞ ያንን ለማካካስ ድምፅ ትጨምራለህ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልገው ጫጫታ የሚከለክል ነው፤ ወይ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ወይ ጫፉ ላይ ጎማ ኖሮት ቀዳዳው ውስጥ ጥብቅ የሚል። ጎማው በተለያየ መጠን ይመጣል፤ ሁሉንም ሞክር፤ የግራና የቀኝ ጆሮ እንኳ ላይመሳሰል ይችላል። ጀርባው ወንፊት የሆነ ሄድፎን ድምፁ ያምራል፤ ግን ለብቻው ክፍል ላለው ሰው ነው።

ካርቶኑ ላይ «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» ተብሎ ቢጻፍ አትደነቅ። ይኼ የሰው ጆሮ የሚሰማው ክልል ነው፤ የማይረባውም ላይ ይጻፋል። ይልቅ «ኦም» የሚለውን እይ። ከ16 እስከ 32 ከሆነ ለስልክ ይስማማል፤ 300 የሚል ብትገዛ ያላምፕሊፋየር ድምፁ ሙት ይሆንብሃል።

ዋናው ነገር ግን በራስህ ስልክ፣ በቃል በምታውቀው ዘፈን መሞከር ነው። የቻግኒዋን ልጅ የጂጂን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 የወጣውን አልበም ክፈት። ያቀናበረው ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ስለሆነ ቤዙ ወፍራም ነው። ቤዙ ድምጿን ከዋጠው ሄድፎኑን አስቀምጠህ ውጣ። ቀጥለህ ማሲንቆ ያለበት ዘፈን አድርግ፤ ጥሩው የጭራውን ፍትጊያ ለይቶ ያሰማሃል፣ መጥፎው እንደ ቆርቆሮ ያንጫርረዋል። በ1970ዎቹ የተቀረጸውን የማሕሙድን «ኧረ መላ መላ» የመሰለ የድሮ ሥራ ስትሰማ ሽሽታ ቢኖር ግን ባለሱቁን አትጣላው፤ እሱ ከቀረጻው ነው። እንዲያውም ጥሩ ሄድፎን ሽሽታውን አጉልቶ ያወጣዋል።

ማርካ ላልከኝ፣ ስም አልጠራልህም፤ ከሄድፎን ላይ ለመኮረጅ ከሁሉ የሚቀለው ስሙ ነው። የታወቀ ማርካ በአሥረኛ ዋጋው ከቀረበልህ የገዛኸው ጽሑፉን ነው። አዲስ አበባ ይረክሳል ቢሉህም፣ ደብረ ማርቆስ ድረስ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ቢበላሽ ለመመለስ የምታወጣው ትራንስፖርት ከዕቃው ይበልጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ አስሞክሮ፣ ደረሰኝ ሰጥቶ፣ ካልሠራ የሚቀበልህን ሱቅ ፈልግ።

ብሉቱዙ ይመቻል፤ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ለአንተ ባለገመዱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በተለይ ገመዱ ተነቅሎ የሚቀየር ከሆነ፣ ያንተ ሦስቱም የሞቱት እዚያው ሥሩ ላይ ተበጥሰው ይመስለኛል። ብቻ ስልክህ ክቡን ቀዳዳ መያዙን እይ፤ አዳዲሶቹ ብዙዎቹ ትተውታል፣ ታይፕ ሲ ነው የሚፈልጉት።

ከጓደኛዬ ጋር አንድ አንድ ጆሮ እየተካፈልን ብንሰማስ ላልከው፣ ሁለታችሁም ግማሽ ዘፈን ነው የምትሰሙት፤ የጆሮ ፈሳሽ ያለበት ካለ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። በ1979 የወጣው የመጀመሪያው የሶኒ ዎክማን እኮ ለሁለት ሰው ብሎ ሁለት መሰኪያ ነበረው! አሁን ባለሁለት አፍ ማከፋፈያ ገመድ ለብቻው ይሸጣል፤ ጓደኛህ የራሱን ኢርፎን ይዞ ይምጣ።