ለቀብራችን እድር አለን

«ጋሼ፣ ማኅበር ብገባ ምን አገኛለሁ?» ይሉኛል የውሃና ፍሳሽ ወጣት ቴክኒሻኖች። ማግኘት የሚሉት አበልና ሆቴል የሚበላ ምሳ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ማንሆል ውስጥ የወደቀ ባልደረባህን ለማውጣት ትገባለህ? «እንዴታ! ቆሜ ላየው ነው?» ይላል ሁሉም፣ ደረቱን ነፍቶ። እንግዲያው ሁለት ሬሳ እናወጣለን ማለት ነው።

ሟርት አይደለም። በፍሳሽ ጉድጓድ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው የጠፋ ይመስላል። ሠራተኛው «በቃ ለቀቀ» ብሎ የሚወርደው ያኔ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ማስጠንቀቂያ፣ እንዲህ ባለ ዝግ ቦታ ከሚሞቱት ከ60 በመቶ የሚበልጡት ሌላውን ለማዳን የገቡ ናቸው ብለዋል። ይህን የነገረኝ የቀጠረኝ መሥሪያ ቤት አይደለም። እሱ የሰጠኝ ቦቲና ልኬ ያልሆነ ቱታ ነው። የነገረኝ ከሌላ ከተማ የመጣ ባልደረባ ነው፤ ያውም በስብሰባ መሃል፣ ሻይ ስንጠጣ። ነፍስ የሚያተርፍ እውቀት በሻይ ሰዓት እንደ ወሬ የሚተላለፍበት ሙያ ምኑ ሙያ ነው?

መደራጀት የማናውቅ ሆነን አይደለም። በየሰፈራችን ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ የንፍሮ ተራ አለን፣ ቀብር የቀረ ይቀጣል። ለመቀበር እንዲህ የተደራጀን ሰዎች ላለመሞት መደራጀት አቃተን!

ቫልቭስ? በማውቀው አንድ ከተማ የትኛው ቫልቭ የት እንደተቀበረ የሚያውቀው አንድ የመስመር ሠራተኛ ብቻ ነበር። ጡረታ ወጣ። ካርታው መንገዱ ከመስፋቱ በፊት የተሠራ ነው። ትልቁ መስመር በፈነዳ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ ለጡረተኛው ይደውላል። «ከመስጊዱ አጥር ወደ ታች ውረዱ፣ አስፋልቱ ሥር ነው» ይላሉ ሽማግሌው ከቤታቸው ሆነው። እስኪቆፈር ውሃው አስፋልቱን ያጥባል፤ ፈረቃውን ሲጠብቅ የሰነበተው ሰፈር ጀሪካኑን እንደደረደረ ይቀራል። ሽማግሌው ስልክ ያላነሱ ቀን ማን ሊጠራ ነው? ቫልቭ ይመዝገብ ብሎ የሚወተውት የሙያ ድምፅ በዚያ ቤት አልነበረም።

«ሥርዓቱ ከላይ ይምጣ» የሚሉኝ አሉ። ምነው? አዲስ አበባ ገና ሳትቆረቆር፣ እ.ኤ.አ. በ1881፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ላይ 22 ሰዎች ተሰብስበው የአሜሪካ የውሃ ሥራዎች ማኅበርን መሠረቱ። ከየከተማው የመጡ የውሃ ሥራ ሰዎች ነበሩ፤ የሚያውቁትን ሊለዋወጡ ተገናኙ። እ.ኤ.አ. በ1908 የብረት ቧንቧ ደረጃ አወጡ። ዛሬ ደረጃዎቻቸው በሌላ አገር የጨረታ ሰነድ ውስጥ ሳይቀር ይጠቀሳሉ።

«የሠራተኛ ማኅበር አለን እኮ!» ይኑር፤ ስለ ደመወዝና ስለ ፈቃድ ይሟገት፣ እሰየው። ስለ ክሎሪኑ ግን ማን ይሟገት? የዓለም ጤና ድርጅት ደንበኛው ጋ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን ይኑር ይላል። እኛ ውሃ በፈረቃ እንለቃለን። መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ይጠፋል፣ በየስንጥቁ የውጭ ቆሻሻ ይገባል፣ ጠዋት ሲለቀቅ ያ ሁሉ ወደ ማድጋው ይወርዳል። አሁን አንዲት የላብራቶሪ ባለሙያ አስቡ። ለክታ ቀሪ ክሎሪን አጣች። አለቃዋ «ደህና ነው ብለሽ ፈርሚ፣ ሕዝብ አታሸብሪ» ይላታል። ብቻዋን ከሆነች ወይ ትፈርማለች ወይ ትዛወራለች። የሙያ ሥነ ምግባር ደንብ ያለው፣ ደንቡን የጣሰ አባል የሚጠይቅ፣ ደንቡን ያከበረችን አባል ደግሞ ደብዳቤ ጽፎ የሚከላከል ማኅበር ከኋላዋ ቢቆም ግን አለቃው ሁለቴ ያስባል። የአባልነት ጥቅም ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ለእኔ ከሥልጠናውም ከምስክር ወረቀቱም በፊት ይህ ነው። ሐኪሞች ማኅበር ካቋቋሙ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሺህ ሰው በአንድ ቀን ማሳመም የምንችለው ግን እኛ ነን።

ማኅበር ሁሉ ጻድቅ ነው አልልም። ማኅተሙን በቦርሳው ይዞ የሚዞር፣ የውጭ አገር ግብዣ ሲመጣ ብቻ የሚነቃ ሊቀመንበር በየሙያው ሞልቷል። እንዲህ ያለውን የሚያነሳው ግን መዋጮውን ከፍሎ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጁን የሚያወጣ አባል ነው፤ ካፌ ቁጭ ብሎ የሚያማ አይደለም።

ያለው ማኅበር አንቀላፍቶ ከሆነ ገብታችሁ ቀስቅሱት። በአካባቢያችሁ ከሌለ ደግሞ አቋቁሙ፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሙያ ማኅበራትን በስም ያውቃቸዋል፣ ማኅበር ለመመሥረትም 5 አባላት ይበቃሉ። በአንድ የጥገና ፒክአፕ ላይ ተጨናንቃችሁ የምትወጡት እንኳ ከዚያ ትበዛላችሁ።