ዛሩን የጣለው ማን ነው?

ካፌም ታክሲም ውስጥ ጠይቁ፤ የሩሲያን ዛር የጣለው ማን ነው ስትሉ "ሌኒን!" ይሏችኋል። አይፈረድባቸውም። ከ1983 እስከ 1991 አዲስ አበባ ላይ ሐውልት ቆሞለት የነበረው እሱ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ችግሩ ግን ዛሩ ሲወድቅ ሌኒን አገሩ ውስጥ አልነበረም። ዙሪክ ነበር። እንዲያውም በጃንዋሪ 1917 ለስዊዘርላንድ ወጣቶች ሲናገር፣ እሱና እኩዮቹ የመጪውን አብዮት ወሳኝ ፍልሚያ ሳያዩ ሊሞቱ እንደሚችሉ ተናግሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ዛሩ ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። የአመፁን ምክንያት ዙሪክ ሄዶ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

"ድህነት ነው" የሚሉም አሉ። ድህነቱማ ነበር። በ1861 ገባሮች ነፃ ወጡ ሲባል፣ ለተሰጣቸው መሬት በ49 ዓመት የሚከፈል ዕዳ ተጫነባቸው። ግን ረሃብ ብቻውን ዙፋን የሚጥል ቢሆን ኖሮ ሮማኖቮች 300 ዓመት ባልገዙ ነበር። እኔ የምለው፣ የተራበውን ሰው አመፀኛ የሚያደርገው አቤት የሚልበት በር ሲዘጋበት ነው። በሮቹን ደግሞ አንድ በአንድ የዘጋው ዛር ኒኮላስ ራሱ ነው።

እንቁጠራቸው። በ1895 የአካባቢ ምክር ቤቶች ተወካዮች በአገራቸው ጉዳይ ድምፅ እንዲኖራቸው ተመኙ። ቦምብ ወርዋሪዎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ባለርስቶች ነበሩ። አዲሱ ዛር ምኞታቸውን ከንቱ ቅዠት ብሎ አሳፈራቸው።

ጃንዋሪ 22 ቀን 1905፣ እሑድ። ቄስ ጋፖን የሚመራቸው የሴንት ፒተርስበርግ ሠራተኞች ሥዕለ አድኅኖና የዛሩን ፎቶ ይዘው፣ እየዘመሩ ወደ ቤተ መንግሥት ሄዱ። የጠየቁት የ8 ሰዓት ሥራ፣ ከጃፓን ጋር የሚደረገው ጦርነት እንዲቆምና ሕዝብ የሚመርጠው መሥራች ጉባኤ ነበር። መልሱ ጥይት ሆነ። ዛሩ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ እንኳ አልነበረም። "ንጉሡ ደግ ነው፤ ክፉዎቹ በዙሪያው ያሉት ናቸው" የሚለው የድሮ እምነት አብሮ የተገደለው ያን ዕለት ነው።

በዚያው ዓመት የሥራ ማቆም አድማ አገሩን ሲያሽመደምደው ዛሩ ዱማ የሚባል ምክር ቤት ፈቀደ። የመጀመሪያውን ዱማ በ1906 ሦስት ወር ሳይሞላው በተነው። ሁለተኛውንም በ1907 በተነና የምርጫውን ሕግ ለባለርስቶች እንዲያደላ አድርጎ ለወጠው። በ1912 ደግሞ ሳይቤሪያ ውስጥ፣ በሌና የወርቅ ማዕድን፣ የበሰበሰ ሥጋ ቀረበልን ብለው ሥራ ያቆሙ ሠራተኞች ላይ ወታደር ተኮሰ። ከመቶ በላይ ሞቱ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዱማ ፊት ቀርቦ ነገሩ እንዲህ ነበር፣ ወደፊትም እንዲሁ ይሆናል አለ።

"ጦርነቱስ?" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት አገሪቱን አድቅቋታል። ግን በ1915 የጦር አዛዥነቱን ራሱ ወስዶ ሽንፈቱን ሁሉ በራሱ ስም ያስመዘገበው ማን ነው? ሥልጣኑን ለማንም ስላላካፈለ ጥፋቱንም የሚያካፍለው አጣ።

ማርች 8 ቀን 1917 የፔትሮግራድ ሴት ሠራተኞች "ዳቦ!" እያሉ አደባባይ ወጡ። ዛሩም የለመደውን ትእዛዝ ሰጠ። ወታደሮቹ አንድ ቀን ተኮሱ፤ በማግስቱ ግን የቮሊንስኪ ክፍለ ጦር አልተኩስም አለ። ዩኒፎርሙን የለበሰው የገበሬ ልጅ ነበራ!

እና ሌኒን? በ1905 ሰዎች የሞቱለት መሥራች ጉባኤ በመጨረሻ በጃንዋሪ 1918 ተሰበሰበ። በማግስቱ የእሱ መንግሥት ዘጋው። ዛሩ የዘጋው በር ቢከፈትም፣ መልሶ የዘጋው እሱ ነው። እኛ ደግሞ ሐውልት ያቆምነው ለበር ዘጊው ነበር።