ሌሊቱን በሥራ ስለሚያነጉ ልጆቻችን

ሥራን መውደድ መልካም ጠባይ እንደ ሆነ በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ ተናግረናል። ሥራ የማይወድ ሰው ለቤቱ ሸክም፣ ለአገሩም ዕዳ ይሆናል። ነገር ግን መልካም ነገር ሁሉ ልክ አለውና፣ ዛሬ የምንናገረው ልኩን ስላለፈ ሥራ ነው። ይኸውም በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲ ኤም ሲና በአያት በብዙ ቤት የገባ ነገር ስለ ሆነ፣ የቤተ ሰብ ሁሉ ጉዳይ ነው ብለን አስበናል።

ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ፣ ወይም ሶፍትዌር መሥራት የሚባለው ነው። ባንኩ ገንዘብ የሚያስተላልፍበት፣ አየር መንገዱ ቲኬት የሚቈርጥበት፣ እኛም በስልካችን ሒሳብ የምንከፍልበት ሁሉ በዚህ ሙያ የተሠራ ነው። በጎሮ በኩል አይቲ ፓርክ ከተቋቋመ፣ በቦሌ መንገድ ባሉት ፎቆችም የሶፍትዌር ድርጅቶች ከተከፈቱ ወዲህ፣ አያሌ ወጣቶች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ በዚህ ሙያ ገብተዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ትምህርት ስለ ጀመረ፣ ቍጥራቸው እየበዛ እንደሚሄድ አይጠረጠርም። ሙያው የሚያስከብርና እንጀራ የሚያበላ ነውና ደስ ብሎን እንቀበለዋለን።

ችግሩ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች አያሌዎቹ የሚሠሩት በውጭ አገር ላለ ደንበኛ ነው። በክረምታቸው ወራት፣ በኒው ዮርክ ከጧቱ 3 ሰዓት ሥራ ሲጀመር እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል፤ በሳን ፍራንሲስኮ ሲጀመር ደግሞ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሳን ፍራንሲስኮ ሰዎች ጋራ እኩል ስምንት ሰዓት የሚሠራ ልጅ፣ ሥራውን የሚፈጽመው ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ ዶሮ ሲጮኽ ነው። ለአገር ውስጥ ባንክና ድርጅት የሚሠራውም ቢሆን፣ ሲስተሙ የሚታደሰው አብዛኛውን ጊዜ ደንበኞች በተኙበት ሌሊት ስለ ሆነ፣ ብልሽትም በተገኘ ጊዜ ስልኩ በማናቸውም ሰዓት ስለሚጮኽ፣ እንቅልፉ የራሱ አይደለም።

በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩት የልብስ ሰፊዎች ድካም ለሰው ዓይን ይታያል፤ በአውቶቡስ ሲሄዱና ሲመለሱ እናያቸዋለንና። የፕሮግራም ጸሐፊው ድካም ግን አይታይም። በክፍሉ ተቀምጧል፣ መብራቱም በርቷል፤ ቤት ውስጥ ስለ ሆነ ያረፈ ይመስላል።

በዚህ ሙያ ከእኛ ቀድማ ብዙ መንገድ የሄደችው ህንድ ናት። ባንጋሎር፣ ሃይደራባድና ፑኔ የተባሉት ከተሞቿ ለዓለም ሁሉ ሶፍትዌር ሲሠሩ ዓመታት አልፈዋል። በ1973 ዓ.ም ኢንፎሲስ የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ናራያና ሙርቲ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም የህንድ ወጣቶች በሳምንት 70 ሰዓት ይሥሩ ብለው ተናገሩ። በ2017 ዓ.ም ደግሞ የላርሰን ኤንድ ቱብሮ ኩባንያ ሊቀ መንበር ሱብራማንያን 90 ሰዓት አሉ፤ ጨምረውም፣ እሑድ ቤት ተቀምጦ ሚስትን እስከ መቼ ማየት ይቻላል ብለው ጠየቁ። ይህ ንግግር በህንድ አገር ታላቅ ክርክር አስነሣ።

እኛም ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ 90 ሰዓት ለሥራ ቢወጣ፣ በቀን ስምንት ሰዓት ለእንቅልፍ ተብሎ 56 ሰዓት ቢቀነስ፣ የሚተርፈው 22 ሰዓት ብቻ ነው። ይህም በቀን ከሦስት ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በዚህ ውስጥ ሰውየው ይበላል፣ ይታጠባል፣ መንገድ ይሄዳል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ለቅሶ ይደርሳል። ልጁን የሚያቅፍበት፣ ከሚስቱም ጋራ የሚነጋገርበት ሰዓት ከወዴት ይመጣል? ሚስትን እስከ መቼ ማየት ይቻላል ላሉት ሰው መልሱ፣ ትዳር የቆመው በዚሁ በመተያየት ነው የሚል ነው።

የአገራችን ሕግ ግን ልኩን ወስኗል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 መሠረት፣ መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ሁለቱ ቢደመሩ 60 ሰዓት ይሆናል፤ ሰባ ሰዓት ከዚህ በ10፣ ዘጠና ሰዓትም በ30 ይበልጣል። ለትርፍ ሰዓት የሚከፈለውም ተለይቶ ተጽፏል፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ነገር ግን ለውጭ አገር ደንበኛ በግሉ ተዋውሎ የሚሠራ ሰው ሰዓቱን የሚቈጥርለት ተቈጣጣሪ ስለሌለ፣ ጠባቂው የፈረመው ውል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሉን ሳያነብ የሚፈርም፣ ሌሊቱን ሳያውቅ ይሸጣል።

ሕጉ ልክ ያበጀው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በግንቦት 2013 ዓ.ም ያወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ የአንጎል ደም መፍሰስና መዘጋት የሚደርስበት ዕድል በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞቱም ዕድል በ17 በመቶ እንደሚበልጥ አስታውቋል። በፈረንጆች 2016 ዓመት ብቻ 745 ሺህ ያህል ሰዎች ከረጅም የሥራ ሰዓት የተነሣ በእነዚህ ሁለት በሽታዎች እንደ ሞቱ ይኸው ጥናት ገምቷል።

ምናልባት አንባቢ፣ ድኻ አገር ካልደከመች በምን ታድጋለች ይለን ይሆናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም ወደ ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ከጻፉ ወዲህ፣ የጃፓኖች ትጋት በእኛ ዘንድ ምሳሌ ሆኖ ኖሯል። ነገር ግን ጃፓኖች ራሳቸው በሥራ ብዛት ለሚመጣው ሞት «ካሮሺ» የሚል ስም አወጡለት፤ በ2006 ዓ.ም ደግሞ ይህን ሞት የሚከላከል ሕግ ደነገጉ። ትጋትን ያስተማረችን አገር ልክንም ታስተምረን።

ከዚህም በላይ የደከመ አእምሮ ሥራን ያበላሻል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙ ሲታደስ በደረሰው ስሕተት፣ በአንድ ሌሊት ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ መውጣቱን ሁሉ ያስታውሳል። የዚያ ምክንያቱ ድካም ነው አንልም፤ ነገር ግን በዚህ ሙያ የአንዲት ሌሊት ስሕተት እንዴት እንደምትሰፋ ያሳያል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ይሁን እንጂ አሠሪውን ብቻ ብንወቅስ እውነቱን ሸሸግን ማለት ነው። በብዙ ቤት ልጁን ከሚያስቸኵሉት አንዱ ቤተ ሰቡ ነው። የቤቱ ኪራይ፣ የታናናሾቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የኮንዶሚኒየሙ የየወሩ ዕዳ ከእርሱ ደመወዝ ይወጣል። ስለዚህ እናት ዓይኑ ቀልቶ ስታየው፣ ልጄ ጎበዝ ነው፣ እንቅልፍ አያውቅም ብላ ለጎረቤት ትመሰክራለች። አባትም በልቡ ቢያዝን፣ በቃህ ለማለት ያፍራል፤ በቃህ ቢለው ገቢው ይጐድላልና። እንዲህ ያለው ቤት በአንድ ምሰሶ የቆመ ነው። ምሰሶው የወደቀ ቀን ጣሪያው የሚወርደው በማን ላይ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

የሴት ልጅ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ወንድሟ ከኮምፒውተሩ ሲነሣ ምግቡ ቀርቦ ይቈየዋል፤ እርስዋ ስትነሣ ግን ወጡና የልጆቹ ልብስ ይጠብቋታል። አዋጁ ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ፣ የትርፍ ሰዓትም እንዳትታዘዝ ከልክሏል። አሠሪ የተከለከለውን ባልና አማት በቤት ውስጥ ሊያዝዙ አይገባቸውም።

ስለዚህ ቤተ ሰብ ሁሉ ይህን እንዲያደርግ እንመክራለን። መጀመሪያ፣ ሠራተኛው የሠራበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር ይጻፍ፤ ያልተቈጠረ ድካም ለሕግም ለሐኪምም አይነገርምና። ሁለተኛ፣ ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን ሲተኛ ቤቱ ጸጥ ይበል፤ ሰነፍ ተብሎ አይሰደብ፣ ለመላላኪያም አይቀስቀስ። ሦስተኛ፣ በቀን አንድ ማዕድ ስልክና ኮምፒውተር ሳይቀርቡ አብሮ ይበላ። አራተኛ፣ አዋጁ የፈቀደው ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት የሳምንት ዕረፍት እንደ በዓል ይከበር። አምስተኛ፣ ወላጆች የቤቱን ወጪ ከልጁ ጋራ ተቀምጠው ያስሉ፤ ሊቀር የሚችለው ወጪ ቢቀር፣ ከሌሊቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊመለስ ይችላል።

ገበሬ በሬውን ከቀንበር የሚፈታበት ሰዓት አለው፤ ይህንንም የሚያደርገው በሬው ስለ ጠየቀው ሳይሆን የነገውን እርሻ ስለሚያውቅ ነው። ልጆቻችንም በቃኝ እስኪሉ ድረስ መጠበቅ የለብንም። ዛሬ ማታ ከክፍሉ መብራት የሚታያችሁ ወላጆች፣ በሩን አንኳኵታችሁ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ጠይቁት።