በቤተ ክርስቲያን ዝም ስለሚሉ ልጆች

ልጆች ሆይ፤ በሐረር ከተማ በፈረስ መጋላ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። የተሠራውም ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ ነው። በዚያም ሆነ በሌላው ቤተ ክርስቲያን ካህናትና ሽማግሌዎች ሲዘምሩ፥ ከልጆች አንዳንዶቹ አፋቸውን ዘግተው ይቆማሉ። ይህስ ስለ ምንድር ነው? አንዱ፦ ድምፄ አያምርም ይላል። ሁለተኛው፦ ቃሉን አላውቀውም ይላል። ሦስተኛው፦ ጓደኞቼ ይስቁብኛል ይላል። ለሦስቱም መልስ አለ።

ድምፄ አያምርም የምትል ልጅ፥ የጁገልን ግንብ ሄደህ ተመልከት። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ነው፤ አምስት የጥንት በሮችም አሉት። ግንቡ በታላላቅ ድንጋይ ብቻ አልቆመም፤ በታላላቆቹ መካከል ያለውን ክፍተት ትንንሾቹ ሞልተውታል። ትንሹ ድንጋይ፦ እኔ መልክ የለኝም ብሎ ቢወጣ ታላቁ ይናጋል። የማኅበር ዝማሬም እንደዚሁ ነው። አንድ ልጅ ዝም ሲል በአጠገቡ ያለው ያፍራል፤ እርሱም ዝም ሲል ሦስተኛው ይከተለዋል። አንዱ ደፍሮ ሲጀምር ግን ብዙዎች ይበረታሉ።

ቃሉን አላውቀውም የምትል ልጅ ደግሞ፥ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ስማ። ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረ ነው። ታሪኩ እንደሚነግረን በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ስላለ መምህሩ አባ ጌዴዎን ቀጡት፤ እርሱም ተማርሮ ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፥ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሊወጣ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲደርስ አየ። ይህን ባየ ጊዜ ወደ መምህሩ ተመለሰና ተማረ። በኋላም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን የዜማ ዓይነቶች የሰጠን እርሱ ነው። እንግዲህ አለማወቅ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሳይጠይቁ መቅረት ግን ያሳፍራል።

ዳግመኛም የምትዘምሩትን ቃል ትርጉም ጠይቁ። በጀርመን አገር ቀድሞ ዜማው በላቲን ቋንቋ ስለ ነበረ፥ ብዙው ሕዝብ ትርጉሙን አያውቅም ነበር። ማርቲን ሉተር ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ መዝሙር ጻፈ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1524 ዓመትም 8 መዝሙር ያለባት ትንሽ መጽሐፍ ታተመች። ከስምንቱም አራቱ የእርሱ ነበሩ። ትርጉሙን ያወቀ ሰው ልቡም ከአፉ ጋራ ይዘምራል።

ይስቁብኛል ለሚለው ልጅ የወንጌል ታሪክ ይበቃዋል። ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም በገባ ጊዜ ልጆች በመቅደስ ሆሳዕና እያሉ ጮኹ፤ የካህናት አለቆችና ጻፎች ተቈጡ፤ ጌታችን ግን ምስጋናቸውን ተቀበለ። በእኔ አሳብ፥ ዝም ከሚለው ልጅ ይልቅ በዘማሪው የሚስቀው ይበድላል። ዝምተኛው የራሱን ምስጋና ያስቀራል፤ የሚስቀው ግን የባልንጀራውን አፍ ይዘጋል። ታላላቆችም የልጅ ድምፅ ሲሰበር አይሣቁ፤ የእነርሱም ድምፅ በልጅነታቸው ይሰበር ነበርና።

ነገር ግን መዘመር መጮኽ አይደለም። በሐረር ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤት ናቸው፤ የእስላም ልጆችም ከአባቶቻቸው የምስጋና ዝክር ይማራሉ። ጎረቤቱን ለማናደድ ወይም ከሌላው በልጦ ለመታየት የሚጮኽ ልጅ ቢኖር፥ ምስጋናው ለራሱ እንጂ ለእግዚአብሔር አይደለም።

የያሬድ ዜማ፥ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እስኪያወጡለት ድረስ፥ ብዙ መቶ ዓመት ከአባት አፍ ወደ ልጅ ጆሮ ሲተላለፍ ኖረ። ምልክት ከወጣ በኋላም ያለ መምህርና ያለ ተማሪ አይዘለቅም። በዚያ ሁሉ ዘመን ልጆች አፋቸውን ዘግተው ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ የምንሰማው ዜማ ባልኖረ ነበር። አሁንም ተራው የእናንተ ነው።

ስለዚህ፥ ልጆች ሆይ፥ ከሰንበት በፊት አንድ መዝሙር ከነትርጉሙ ተማሩ። በሰንበትም በትሕትና ቆማችሁ ከማኅበሩ ጋራ ዘምሩ፤ በአጠገባችሁ የሚያፍር ልጅ ካለም ከእርሱ ጋራ ጀምሩ።