ያ የ50 ሺህ ብር ጣሪያ ምን ትቶ ሄደ?



ባለፈው ሰንበት ሲወጣ ነቬ ሐይም ውስጥ ሁልጊዜ የምንቀመጥባት አግዳሚ ወንበር ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጉዳዩ ኳስ ነው። እናቶቼ፣ «ደሞ የወንዶች የኳስ ወሬ» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ትንሽ ታገሡኝ፣ መጨረሻው የሚያርፈው የልጆቻችሁ ፊርማ ላይ ነው።

አንድ የጎንደር ሰው የሆኑ አባታችን «ፌዴሬሽኑ የተጫዋቾችን ደሞዝ ባይገድብ ኖሮ ፋሲል ከነማ ዋንጫ አያይም ነበር፤ እነዚያ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል» አሉ። ሌላው ደግሞ «የልጆቹን ጉሮሮ ነው የዘጉት» ብለው ተቆጡ። ሦስተኛው ሰውዬ የኢትዮጵያውን ትተው ወደዚሁ ዞሩና «የኛዋ ሐዴራስ? ያን ሁሉ ዓመት ያስተዳደሯት ሰዎች መጨረሻ ላይ አወረዷት አይደል?» አሉ። እኔ የዚያን ዕለት ዝም አልኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ሦስቱም አንድ ጥያቄ ነው የጠየቁት፦ ገንዘብ ይዞ ክለብ ያስተዳደረ ሰው ከወንበሩ ሲነሣ በምን ይመዘናል?

እኛ እኮ ይሄን ጥያቄ እናውቀዋለን። እቁብ የጣልን ሰዎች ነን። ጥሩ የእቁብ ዳኛ የሚባለው የመጀመሪያውን ዕጣ በጭብጨባ ያወጣው አይደለም፣ የመጨረሻው ሰው እጅ ላይ ገንዘቡ ሙሉ ሆኖ እንዲደርስ ያደረገው ነው። የሕንጻችንን ቫአድ ተመልከቱ። አንዱ መጥቶ ደረጃውን ቀለም ያስቀባል፣ አበባ ያስተክላል፣ ሁሉም ያመሰግነዋል። ከሄደ በኋላ የአሳንሰሩና የመብራቱ ሒሳብ ሳይከፈል እንደቆየ ይታወቃል። የሚሰደበው ማን ነው? ወንበሩን የተረከበው ምስኪን።

አሜሪካኖቹ ይሄን ነገር ከማንም በላይ አብላልተውታል። በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት ሊግ፣ 32 ክለቦች ያሉት፣ ከ1994 ጀምሮ የደሞዝ ጣሪያ አለው። መጀመሪያ ለአንድ ክለብ 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ በ2025 ግን 279.2 ሚሊዮን ደርሷል። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ፦ ጣሪያው የተተከለው በክለቡ ጠቅላላ ወጪ ላይ ነው። አንድ ተጫዋች ስንት ይብላ የሚለውን ለክለቡ ሥራ አስኪያጅ ይተዉለታል። ጣሪያውም ከሊጉ ገቢ ጋር አብሮ ያድጋል።

እዚያም ቢሆን ብልጠት አለ። ሥራ አስኪያጁ ለተጫዋቹ የፊርማ ገንዘብ ዛሬ በእጁ ይሰጠዋል፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ ግን እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከፋፍሎ ያስመዘግበዋል። ዛሬ ርካሽ ይመስላል። ተጫዋቹ ቀድሞ ከተሰናበተ ግን ያልተቆጠረው ሁሉ ከጣሪያው ላይ ይቀነሳል። የዴንቨር ክለብ በ2024 ራስል ዊልሰን የሚባለውን ተጫዋች ሲያሰናብት 85 ሚሊዮን ዶላር እንዲህ ተቆጠረበት፤ ሰውየው ለሌላ ክለብ እየተጫወተ፣ የሱ ስም የዴንቨርን ቦታ ለሁለት ዓመት ይዞ ቆየ። ስለዚህ እዚያ አንድ ሥራ አስኪያጅ ሲሄድ ነገር አዋቂዎቹ በሄደበት ቀን አይፈርዱም። ሁለት ሦስት ዓመት ጠብቀው ምን እንዳወረሰ ያያሉ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በአቶ ኢሳያስ ጅራ የሚመራው የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2010 ዓ.ም. ሰመራ ላይ ተመረጠ። በዓመቱ፣ በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ (በፈረንጅ 2019)፣ ከክለቦቹ ጋር ቢሾፍቱ ላይ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች ከፍተኛ ደሞዝ በወር 50 ሺህ ብር እንዲሆን ተስማሙ። ያልተጣራ ነው። በጊዜው በነበረው ሕግ ግብሩን ብታሰሉት 16 ሺህ ይነሣል፣ 34 ሺህ ይቀራል። ወደኛ ገንዘብ ስንመልሰው ያኔ ያልተጣራው 50 ሺህ ወደ 6 ሺህ ሼቄል ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት እዚህ እስራኤል ውስጥ ዝቅተኛው የወር ደሞዝ 5,300 ሼቄል ነበር። እንግዲህ የኢትዮጵያ ምርጡ አጥቂ ጣሪያውን ቢነካ፣ እዚህ ፋብሪካ የሚያጸዳ ሰው ከሚያገኘው በትንሽ ነው የሚበልጠው።

ይሄን ስል ውሳኔው ከመሬት ተነሥቶ መጣ ማለቴ አይደለም። ምክንያት ነበራቸው፣ ያውም ከባድ ምክንያት። አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ናቸው። ገንዘቡ ያኔ በአብዛኛው ከቴሌቪዥን ወይም ከመግቢያ ትኬት አይመጣም ነበር፣ ከሕዝብ ካዝና ነበር የሚወጣው። ውኃ ያልገባለት ቀበሌ ባለበት ከተማ ለአንድ ተጫዋች በወር ከመቶ ሺህ በላይ ይከፈላል ሲባል፣ እናንተ ብትሆኑ ዝም ትላላችሁ? ያም ሆኖ ደሞዝ ለወራት ይቋረጥ ነበር፤ ተጫዋች ልምምድ አቁሞ ደሞዜን እያለ ይለምናል። ስለዚህ «ልክ ይኑረው» ብሎ የተነሣን ሰው እኔ አልሰድብም። ጥፋቱ ልኩን የተከሉበት ቦታ ላይ ነው።

ጣሪያውን በሰው ራስ ላይ ተከሉት። ክለቡ በጠቅላላ ስንት ማውጣት እንደሚችል፣ ገንዘቡስ ከየት እንደሚመጣ ሳይጠየቅ፣ አንዱ ሰው ከ50 ሺህ አይበልጥ ተባለ። የሆነው ደግሞ የታወቀ ነው፤ በአደባባይ ሲነገር የኖረ ነው። ውሉ ላይ 50 ሺህ ይጻፋል፣ የቀረው በጓሮ በር ይሰጣል። ክለቡ ያው ገንዘብ ያወጣል፣ መዝገቡ ብቻ ንጹሕ ይመስላል።

ወገኖቼ፣ ይሄ ነገር ለኛ አዲስ ነው እንዴ? ስንቶቻችን ነን መጀመሪያ እዚህ እንደመጣን «ግማሹን በቱሉሽ፣ ግማሹን በሻሆር» ተብለን ደስ ብሎን የተቀበልን? ጥሬ ገንዘብ በእጅ ሲገባ ደስ ይላል። ከሃያ ዓመት በኋላ ጡረታ ሲሰላ፣ የሥራ ስንብት ካሳ ሲሰላ፣ የተቆጠረልን ቱሉሹ ላይ ያለው ብቻ ሆነ። የእጅ በእጁ ተበልቶ ቀረ። ያ የኢትዮጵያ ተጫዋችም ልክ እንደኛ ነው። ክለቡ ከፍሎት ሲያበቃ ደግ፤ ያልከፈለው ዕለት ግን በምን ወረቀት ይከሳል? ውሉ 50 ሺህ ይላል። ጉልበቱ ቢሰበርም ካሳው በ50 ሺህ ነው የሚሰላው። ለኔ የዚያ ደንብ ትልቁ በደል የገንዘቡ ማነስ አይደለም። ተጫዋቹን ከወረቀት ውጭ አወጣው፣ ከወረቀት ውጭ ያለ ሰው ደግሞ ጠበቃ የለውም።

ሌላም አለ። ቁጥሩ ቆሞ ቀረ፣ ብሩ ግን አልቆመም። 50 ሺህ ብር በ2019 ወደ 1,700 ዶላር ነበር። በ2024 ሐምሌ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ፣ ዶላር ከ120 ብር ሲያልፍ፣ ያው 50 ሺህ ከ420 ዶላር በታች ሆነ። አሜሪካኖቹ ጣሪያቸውን ከገቢ ጋር ያሰሩት በከንቱ አይደለም። በኋላ ራሱ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ወደ ክለቦች ጠቅላላ ወጪ ጣሪያ ዞሯል፤ መጀመሪያ መሆን የነበረበት ነገር ዘግይቶ መጣ።

የጎንደሩ አባቴ ግን አሁንም ፋሲልን ይዘው ይከራከሩኛል፣ ስለዚህ በቀጥታ ልመልስላቸው። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ በላ። እኔም ያን ቀን ከእርስዎ ጋር እልል ብያለሁ፣ አልክድም። ግን ጣሪያው ነው ያመጣው ለማለት ሁለት ነገር ይከለክለኛል። አንደኛ፣ ፋሲል ጣሪያው ከመውጣቱ በፊት፣ በ2011 ዓ.ም. ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው፤ ጥሩ ቡድን ቀድሞም ነበር። ሁለተኛው መራራ ነው፤ በ2013 የመቀሌ 70 እንደርታ፣ የወልዋሎና የስሑል ሽሬ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ሊጉ ውስጥ አልነበሩም። መቀሌ ደግሞ የ2011 ሻምፒዮን ነበር። ከትግራይ የመጣችሁ ወገኖቻችን ይሄን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ባለ ዓመት የመጣን ዋንጫ ይዞ «ደንቡ ሠራ» ማለት አይቻልም። የፋሲልን ልጆች ላብ ግን ማንም አይወስድባቸውም።

ጥሩዎቹስ ወዴት ሄዱ? የፋሲሉ ሙጂብ ቃሲም በዚያው ዓመት ወደ አልጄሪያ ተሻገረ። በ2013 የውድድር ዘመን 29 ጎል ያገባው የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ2022 ደቡብ አፍሪካ፣ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገባ። ለነሱ እሰየው፣ በጣሪያው ምክንያት ብቻ ነው የሄዱትም አልልም። ግን አገር ውስጥ በሕጋዊ ወረቀት ሊከፈል የሚችለው 50 ሺህ ብር ብቻ ከሆነ፣ ጎበዙ ልጅ ሌላ ምን ይጠብቃል?

እንግዲህ ፍርዴ ይሄ ነው፦ ሐሳቡን አመሰግናለሁ፣ ደንቡን እወቅሳለሁ። ደንብ ያወጣ ሰው መዝገብ የሚከፍት ተቆጣጣሪ አብሮ ካላስቀመጠ፣ የተወው ውርስ ሁለት ዓይነት መዝገብ ነው።

እዚህ እስራኤል ፍጹም ናቸው አልልም። ቢያንስ ግን የማኅበሩ የበጀት ቁጥጥር አለ፤ ክለቡ ከውድድሩ በፊት በጀቱን ያቀርባል፣ ከየት እንደሚያመጣው ያሳያል። ትልቅ ስምም አያድንም፤ ሐፖኤል ቴል አቪቭ በ2017 በዕዳ ተይዛ ነጥብ ተቀነሰባት፣ በዚያው ዓመት ወደ ታችኛው ሊግ ወረደች። ስለ ሐፖኤል ሐዴራ ለጠየቁት አባቴም ያለኝ መልስ ከዚህ የተያያዘ ነው። በ2018 ወደ ላይኛው ሊግ ወጣች፣ በ2025 ወረደች፤ ሰባት የውድድር ዘመን ማለት ነው። የራሷ ከተማ ለሊጉ የሚበቃ ስታዲየም ስላልነበራት «ሜዳዬ» እያለች ነታንያ ድረስ ሄዳ ነው የተጫወተችው። ትልልቆቹ ክለቦች ለአንድ ለሁለት ተጫዋች በሚያወጡት ሒሳብ ቡድን የምታቆም ክለብ ሰባት ዓመት ከነሱ ጋር ከቆየች፣ ያንን «አወረዷት» በሚል አንድ ቃል መዝጋት ግፍ ነው። መውረድ ዕዳ አይደለም። ወርዳ መዝገቧ ንጹሕ ከሆነ ትመለሳለች።

አሁን እናቶቼ የታገሣችሁለት ነገር። ልጆቻችን ኳስ ይወዳሉ፣ ደግሞም አይተው ነው። ኢትዮጵያ የተወለደው ባሩክ ደጎ በ2004 ለማካቢ ቴል አቪቭ በቻምፒዮንስ ሊግ አያክስ ላይ ሁለት ጎል ሲያገባ አይተናል። የነታንያው ልጅ ኤሊ ዳሳ የብሔራዊ ቡድኑን የአምበል ማሰሪያ ክንዱ ላይ ሲያስር አልቅሰናል። ስለዚህ አንድ በደንብ የለበሰ ሶቼን በሩን አንኳኩቶ «ልጃችሁ ትልቅ ቦታ ይደርሳል፣ እዚህ ጋ ፈርሙ» ሲል እጃችን ይፈጥናል። የማውቃቸው አባትና እናት እንዲህ ፈርመው ነበር። ዕብራይስጡን የሚያነብላቸው ያው የ15 ዓመቱ ልጅ ነው፤ ልጁ ደግሞ ቸኩሏል። በቃል «በየወሩ የጫማና የመንገድ ይሰጠዋል» ተባለ፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ልጁ ክለብ ልቀይር ባለ ጊዜ ነው ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ የገባቸው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጠ።

በፊፋ ደንብ ሶቼን ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ለማነጋገርም የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። በቃል የተነገራችሁን ሁሉ «እስቲ እዚህ ጋ ጻፍልኝ» በሉት፤ የማይጽፈው ከሆነ አልሰጣችሁም ማለት ነው። ወረቀቱን ቤት አሳድሩት። ማታናስ ሄዳችሁ ወይም አንድ የተማረ የጎረቤት ልጅ ጠርታችሁ አስነብቡት፤ የሚፈርመውን ልጅ ራሱን ግን አታስነብቡት።

እኔ ማክሰኞ ማታ ማታ እዚያችው ወንበር ላይ አለሁ። መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ፤ ወረቀት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የፋሲልን ክርክር መቀጠል የሚፈልጉ አባቴም ቡናቸውን በፔርሙስ ይዘው ይምጡ።