ማሽኑ ሲቆም ማንን እንጠራለን?

የአክስቴ ልጅ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተማሪ ነው። የሚማረው የኢንዱስትሪ ማሽኖች ጥገና ነው። ለትብብር ስልጠና አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ሲመደብ ቤቱ በደስታ ሞላ። አክስቴ ቱታ ገዛችለት፤ እሱም በመጀመሪያው ቀን ቱታውን ለብሶ ፎቶ ተነሳና ቴሌግራም ላይ ለጠፈ። ሦስት ወር ቆይቶ ሲመለስ "እሺ፣ ምን ተማርክ?" አልኩት። ሳቅ አለና "በአንድ ጊዜ ስንት ካርቶን መሸከም እንደምችል" አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ሦስቱን ወር ያሳለፈው ካርቶን ሲደረድር፣ ወለል ሲያጥብ፣ ለቴክኒሻኖቹ ሻይ ሲያመጣ ነው። አንድ ቀን የክዳን ማሰሪያው ማሽን ቆመ። ልጁ ልቡ ዘለለ፤ በመጨረሻ የሚማረው ነገር መጣ። የፈረቃው ኃላፊ ግን "እናንተ ልጆች ዞር በሉ፣ ሥራ አታበላሹ" አለ። ማሽኑ ሲጠገን ከሩቅ፣ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ አየ። ጊዜው ሲያልቅ ማህተም ያለበት ወረቀት ተሰጠው። ወረቀቱ ላይ "አፈጻጸም፦ በጣም ጥሩ" ይላል።

እኔ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ነኝ፤ ማሽን አልጠግንም። ግን ያቺ "በጣም ጥሩ" የምትል ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ምክንያቱም ውሸት ናት፤ ደግሞም ሁላችንም ዋጋ የምንከፍልባት ውሸት ናት።

ጉዳዩ የአንድ ልጅ አይደለም

ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። የቀረው የት ይሂድ ሲባል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ ቴክኒክና ሙያ ግቡ። እሺ፣ ገባን። ስልጠናው 70 በመቶ በተግባር፣ 30 በመቶ በንድፈ ሐሳብ ነው ተባልን። ተግባሩም የሚገኘው ፋብሪካ ውስጥ ነው ተባለ። ሐሳቡ ከጀርመን የመጣ ነው፤ በራሱም ጥሩ ሐሳብ ነው። ፋብሪካው በር ላይ ስንደርስ ግን 70 በመቶው ካርቶን ሆኖ ጠበቀን።

ለምን በተለይ ስለ ምግብና መጠጥ ፋብሪካ አወራለሁ? አንደኛ፣ ብዙዎቻችን በቅርባችን የምናገኘው ፋብሪካ ይኸው ነው። ዱቄት፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ወተት፣ ቢራ፣ ውሃ፣ ስኳር። ቡሬ፣ ቡልቡላና ይርጋለም ላይ የተገነቡት የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች የቆሙትም በዚሁ ተስፋ ነው። ሁለተኛ፣ እዚህ ዘርፍ ውስጥ የጥገና ባለሙያ ስህተት ማሽን ሰብሮ ብቻ አይቀርም፤ ሆዳችን ድረስ ይመጣል።

ወተትን ውሰዱ። በብዙ ዘመናዊ መስመሮች ወተቱ 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ15 ሰከንድ መቆየት አለበት። ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር ካሳሳተ፣ ወይም በቂ ሙቀት ያላገኘውን ወተት ወደ ኋላ የሚመልሰው ቫልቭ ከተጣበቀ፣ ጥሬ ወተት "የተቀቀለ" ተብሎ ሱቅ ይገባል። የጥገና ባለሙያው ሥራ እንግዲህ ይሄ ነው። ኩሽኔታ የሚያለሰልስበት ግራሶ እንኳን ምግብ አጠገብ እንዲውል የተፈቀደው ዓይነት መሆን አለበት። ማሽን ከፍቶ ሲጨርስ የፈታውን ቡሎንና ዳዶ አንድ በአንድ ቆጥሮ መመለስ አለበት፤ የጠፋችው ዳዶ ብስኩት ውስጥ ልትገኝ ትችላለችና። ቧንቧዎቹ ሳይፈቱ በኮስቲክ ሶዳ እንዴት እንደሚታጠቡ፣ የትኛው ጎሚኒ ለዚያ ኬሚካል እንደሚበረታ ማወቅ አለበት። ቢራ ፋብሪካ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣው የሚሠራው በአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ካመለጠ ሰው ይገድላል።

ይህ ሁሉ በፓወርፖይንት አይለመድም። እስቲ አስቡት፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ የሚሉትን ቃላት ማን አስተማረን? የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አይደለም። ከጣሊያንኛ መጥተው ከጋራዥ ወደ ጋራዥ፣ ከጌታ ወደ ረዳት፣ በጆሮ ተላልፈው ነው የደረሱን። ሙያ በዚህ አገር ሁሌም የተላለፈው አጠገብ በመቆም ነው። አሁን የጎደለው አጠገብ መቆም ነው።

ፋብሪካው ለምን አያስተምርም?

ፋብሪካውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ግን በእሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡ። እንበልና መስመሩ በሰዓት 20 ሺህ ጠርሙስ ይሞላል። ሦስት ሰዓት ከቆመ 60 ሺህ ጠርሙስ ጠፋ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ኃላፊው ተማሪ ማስተማር አይታየውም፤ የሚታየው የሥራ አስኪያጁ ስልክ ነው። ደግሞ ልጁን አስተምሮ ጨርሶ፣ ጎረቤት ፋብሪካ ሁለት ሺህ ብር ጨምሮ ቢወስድበትስ? "ለሌላ ሰው ሠራተኛ ላሰለጥን ነው እንዴ?" ቢል አይፈረድበትም።

ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ተንትኖታል። ስልጠናን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በአንድ ድርጅት ብቻ የሚጠቅም እና የትም ቢሄዱ የሚጠቅም። ፓምፕ መጠገን የትም ይጠቅማል። እንዲህ ያለውን ሙያ አሠሪው በራሱ ወጪ አያስተምርም፤ ወጪውን የሚሸከመው ሠልጣኙ ራሱ ነው፣ በስልጠናው ጊዜ ዝቅ ያለ ደመወዝ በመቀበል። ለማጅነት በብዙ አገር የቆመው በዚህ ስምምነት ላይ ነው። አንተ በትንሽ ክፍያ ትሠራልኛለህ፣ እኔ ሙያ እሰጥሃለሁ።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ እንመለስ። ደመወዙ ዜሮ ነበር። ትራንስፖርቱን የከፈለችው እናቱ ናት። ያገኘው ሙያም ዜሮ ነው። በቤከር ቋንቋ ልጁ ሙሉ ዋጋውን ከፍሏል፤ ዕቃውን ግን አልተረከበም። ይህ ስልጠና ሳይሆን ነፃ የቀን ሠራተኛ ነው።

ፋብሪካውም ቢሆን የሚያተርፍ የሚመስለው ለጊዜው ነው። ትልልቆቹ ማሽኖች የውጭ ናቸው፤ ከባድ ብልሽት ሲመጣ ከአምራቹ ድርጅት ቴክኒሻን ይጠራል። አየር ቲኬት፣ ሆቴል፣ የቀን ክፍያ፣ ሁሉም በዶላር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያው ቴክኒሻን ያንኑ ሥራ ለመሥራት በብር ሲሰላ እጥፍ ሊደርስ ነው ማለት ነው። እዚህ ያለ ልጅ ማሰልጠን ግን በብር ነው የሚከፈለው። ድሮ "ማሰልጠን አያዋጣም" የሚለው ሒሳብ ትክክል ከነበረ እንኳን ዛሬ እንደገና መሠራት አለበት።

ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል?

እንግሊዝ አገር ለምግብና መጠጥ ፋብሪካ ጥገና ባለሙያ ብቻ የተዘጋጀ የለማጅነት መርሐ ግብር አለ። ለማጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቀጣሪ ነው፤ ውል አለው፣ ደመወዝ አለው፣ ምን ምን መቻል እንዳለበት ተጽፏል፣ መጨረሻ ላይም ይፈተናል። የ"ይወስዱብናል" ፍርሃትንም መንግሥት በገንዘብ ነው የነካው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆኑ አሠሪዎች ከደመወዙ 0.5 በመቶ ለለማጅነት ይከፍላሉ። ገንዘቡን መልሶ የሚጠቀምበት የሚያሰለጥን ነው። አሠራሩ እዚያም ብዙ ይተቻል፤ ቢያንስ ግን የማያሰለጥን ድርጅት በነፃ እንዳይቀመጥ ያደርጋል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ የሜካትሮኒክስ ለማጅ 3 ዓመት ተኩል ይሠለጥናል። እኛ በሦስት ወር ካርቶን ያንኑ ውጤት እንጠብቃለን።

የጀርመንን ሥርዓት ዛሬውኑ እናምጣ አልልም። አቅሙም የለም። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አራት ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛ፣ ውል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የለማጅን ውል ያውቀዋል። ኮሌጁ፣ ፋብሪካውና ተማሪው ሦስቱም የፈረሙበት፣ የሥራ ዝርዝር ያለበት ወረቀት ይኑር። "በስድስተኛው ሳምንት ፓምፕ ፈትቶ ይገጥማል፤ በስምንተኛው የኮንቬየር ቺንጊያ ይቀይራል" ይበል። ዝርዝር ከሌለ ካርቶን አለ።

ሁለተኛ፣ የሥራ መዝገብ። ልጁ የነካውን እያንዳንዱን ማሽን ይጻፍ፤ አብሮት የሠራው ቴክኒሻን ይፈርም። በስልክ ፎቶም ይቻላል። "በጣም ጥሩ" የሚለው ማህተም የሚሰጠው ያ መዝገብ ታይቶ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ለአስተማሪው ቴክኒሻን የሚሆን ነገር። ያ "ዞር በሉ" ያለው ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ለማስተማር የሚከፈለው የለም፤ ማሽኑ ቢበላሽ ግን የሚጠየቀው እሱ ነው። አንዳንዱም የሚያውቀውን ካሳየ ቦታውን የሚያጣ ይመስለዋል፤ ሙያ በልብ ብሎ ይይዘዋል። በወር የተወሰነ አበልና "አሰልጣኝ" የሚል ማዕረግ ብዙ በር ይከፍታል።

አራተኛ፣ የተማሪው ምሳ፣ ትራንስፖርትና የደህንነት ጫማ። ይህን ካልከፈልን የሚማሩት ቤተሰባቸው የሚችል ልጆች ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። የምግብ ፋብሪካ አደገኛ ነው፤ ንጽህናም ይፈልጋል፤ ያልሠለጠነ ልጅ እጁን ቢያስገባስ? እውነት ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ደህንነት መሆን ያለበት። ማሽን ከመንካት በፊት ኃይሉን ማጥፋት፣ በራስ ቁልፍ መቆለፍ፣ ስም ያለበት ምልክት ማንጠልጠል። መስመሩ ለእጥበት በሚቆምበት ቀን ደግሞ ልጆቹን ወደ ማሽኑ ማቅረብ ይቻላል። አደጋ አለ ማለት በጥንቃቄ አስተምሩ ማለት ነው፤ መጥረጊያ ስጧቸው ማለት አይደለም። ደግሞ ዛሬ በአሰልጣኝ ፊት ያልተሳሳተ ልጅ፣ ነገ ብቻውን በሌሊት ፈረቃ ነው የሚሳሳተው።

ለእናንተ ለምታነቡኝ

ዘንድሮ ለትብብር ስልጠና የምትወጡ ካላችሁ፣ ሥርዓቱ እስኪስተካከል አትጠብቁ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። አሰልጣኜ ማን ነው? በየሳምንቱ ምን እሠራለሁ? ማሽን ሲቆም አጠገብ ቆሜ ማየት ይፈቀድልኛል? መልሱ "እናያለን" ከሆነ ለኮሌጁ አስተባባሪ በጽሑፍ ንገሩ። ብቻችሁን ከምትጠይቁ አምስት ሆናችሁ ጠይቁ። ደብተር ያዙ፤ የማሽኑን ስም፣ ሞዴሉን፣ የቆመበትን ምክንያት ጻፉ። እንደ ቀልድ የጻፋችሁት ነገ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ከማህተሙ ይበልጥ ያወራላችኋል።

ቤተሰቦችም "ዩኒቨርሲቲ ስላልገባ ነው" ማለት እንተው። በዚህ አገር የእጅ ሙያ ያለውን ሰው በሥራው መስደብ እንዲቀር ዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ መልኩን ለውጦ አሁንም ከእኛ ጋር አለ። እኔ ዲግሪ አለኝ፤ ፋብሪካ ሲቆም ግን የሚጠራ ሰው የለኝም፣ ልክም ናቸው።

የአክስቴ ልጅ አሁን የሚቀጥለው ደረጃ ላይ ነው። ሌላ ምደባ ይጠብቃል። ቱታው ታጥቦ ተሰቅሏል፤ ግራሶ ነክቶት ስለማያውቅ ዛሬም አዲስ ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ ሳየው፣ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ከሠፈር ለምኖ አምጥቶ ግቢ ውስጥ ፈታትቶታል። ዩቲዩብ ከፍቶ፣ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ኩሽኔታውን በጨርቅ ይጠርጋል። አክስቴ "መልሶ መግጠሙን ይቻልበት ይሆን?" አለችኝ በሹክሹክታ።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ። ከባሕር ማዶ በዶላር የምናስመጣው ቴክኒሻን የሰው ወርቅ ነው። የእኛው ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ በስልክ እየተማረ ነው። የፋብሪካው በር ሲከፈትለት ይህን ጊዜ መጥረጊያውን ሳይሆን ኪያቤውን ስጡት።