ላም አለኝ፣ ሳር የለኝም

በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ ዙሪያ የወተት እርባታ ለመጀመር የተነሳ ባለሀብት ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፡- በረት፣ ክልስ ላሞች፣ ከዚያም የወተት ማመላለሻ መኪና። ሳር በዕቅዱ ውስጥ ካለም “የድርቆሽ ግዢ” በሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ኪሳራው የሚጀምረው ከዚያች መስመር ነው።

በወተት ሥራ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚወስደው መኖ ነው። ድርቆሽ ደግሞ ወቅት አለው። በጥቅምትና በኅዳር ሲታጨድ ይረክሳል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይወደዳል። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ኅዳር ላይ ያከማቻል (ንግድ ነውና የሚያስወቅሰው ነገር የለም)፤ ሰኔ ላይ ሂሳቡን የሚከፍለው ሳር ያልዘራው ባለ ላም ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ ቢጨመር ጉድለቱን አይሞላም፤ የላም ሆድ ያለ ሳር በደንብ አይሠራምና።

ታዲያ የትኛው ሳር ይዘራ? ከግብርና ባለሙያው በፊት መታየት ያለበት የመሬት ኪራይ ውሉ ነው። ውሉ የአንድ ዓመት ከሆነ ቋሚ ሳር መዝራት ለአከራዩ ስጦታ መስጠት ነው። እንዲህ ላለው መሬት አጃና ቬች ተደባልቆ በክረምት መግቢያ ተዘርቶ በሦስት በአራት ወር ቢታጨድ ይበቃል። ውሉ ረዘም ያለ ከሆነ ግን ሮደስ፣ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሳር ያዋጣል። ደሾ ከጨንቻ የተስፋፋ የአገራችን ሳር ነው፤ ደጋውንም ይችላል። ሮደስን ግን ውርጭ በሚመታው ደጋ ላይ መሞከር ገንዘብ መበተን ነው።

ሮደስ ለሄክታር ከ10 እስከ 15 ኪሎ ዘር ይፈልጋል። መሬቱ እንደ ጤፍ ማሳ ተደጋግሞ ታርሶ መለስለስ አለበት፤ ዘሩ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከተቀበረ መውጣት ያቅተዋል። ቀላልና ነፋስ የሚወስደው ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቆ መበተን ይረዳል። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ይህንን ለመረዳት አፍታ አይፈጅበትም፤ ችግሩ ትራክተር ተከራይቶ አንዴ ገልብጦ የሚዘራው የከተማ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አረሙን መንቀል፣ ሥር እስኪይዝም ከብት አለማስገባት ግድ ነው። ዘሩ ሐምሌ መግቢያ ላይ ቢወድቅ አጨዳው ለጥቅምት ይደርሳል። ላሞቹ ከዚያ በኋላ ቢገዙ ማን ይጎዳል?

ዘሩን በሚመለከት ለነጋዴዎቻችን አንድ ነገር ልበል። የሮደስ ዘር ባዶ ቅርፊት ይበዛዋል፤ በኪሎ ብቻ መግዛት ገለባ በዘር ዋጋ መግዛት ሊሆን ይችላል። ገዢው 100 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ለሁለት ሳምንት ያቆይ። የበቀለው 30 ከሆነ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ። ደላላው “የዘንድሮ ነው፣ ትኩስ ነው” ቢልም አያሞኛችሁ። የሮደስ ዘር ከታጨደ በኋላ በደንብ እስኪበቅል ጥቂት ወራት ማረፍ ይፈልጋል፤ በደረቅ ቦታ የተቀመጠ የአምናው ዘር ሊሻል ይችላል።

ዝሆኔ ሳር የሚተከለው በአገዳው ነው። ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ሁለቱ አንጓ ከአፈር ውስጥ ሆኖ ጋደል ተደርጎ ይተከላል። በአንድ ሜትር በግማሽ ሜትር ርቀት ሲተከል ለሄክታር 20,000 ቁራጭ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገዝቶ ማጓጓዝ ከባድ ስለሆነ በመጀመሪያው ዓመት ሩብ ሄክታር ተክሎ ከዚያው ማባዛት ይሻላል። ካፒታሉ አነስተኛ የሆነ ሰውም ላም ሳይገዛ ቁራጩን ለጎረቤት እርባታዎች ቢሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ ነው።

ሱሉልታ ላይ የተፈጥሮ ሜዳ የተከራየ ሰው ግን ትራክተሩን ይመልስ። በሜዳው ውስጥ ያለው ማገጥ ለላሟ ፕሮቲን፣ ለአፈሩም ናይትሮጅን የሚሰጥ ነው፤ አንዴ ከታረሰ ቶሎ አይመለስም። ክረምቱን ከብት ከልክሎ፣ አረሙን አስነቅሎ፣ ፍግ በትኖ፣ ሳሩ ቢጫ ሳይሆን ጥቅምት ላይ ማሳጨድ ነው። አጫጆቹን ከወዲሁ መዋዋል ይበጃል፤ በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው ይፈልጋቸዋል።